አረንጓዴው ፋኖስ ያልመለሰው ጥያቄ

ባለፈው እትም ስለ ንባብ ክበባችን አንዲት አጭር ማስታወቂያ አውጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንደኛው፣ የወላጅና የአገር ተስፋ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የፈረንጅ ሕፃናት የሚገላልጡትን የሥዕል መጽሔት ይዞ ቅዳሜ ማታውን ማሳለፉ አሳፋሪ መሆኑን ይገልጽልናል። ጸሐፊው ስሙን አልጻፈም። ዳሩ ግን ወቀሳውን በአንቀጽና በንኡስ አንቀጽ ከፋፍሎ ማቅረቡን አይተን የሕግ ትምህርት ክፍል ወንድማችን ሳይሆን አይቀርም ብለን ጠርጥረናል። ጥርጣሬያችን ትክክል ከሆነ ደስ ይለናል፤ ዛሬ የምንጽፈው ከማንም ይልቅ እሱን ይመለከታልና።

ክርክሩን ያስነሣው መጽሔት «ግሪን ላንተርን» ይባላል፤ በአማርኛ «አረንጓዴው ፋኖስ» ብንለው ያስኬዳል። ቁጥሩ 76 ነው፤ በሽፋኑ ላይ ያለው ቀን ኤፕሪል 1970 ይላል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ያን ጊዜ የተሸጠው በ15 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ጥራዝ ተሰብስቦ እንደገና የታተመው ነው። የአንዱ ባልደረባችን ታላቅ ወንድም ከዋሽንግተን ለዕረፍት ሲመጣ ከጫማና ከሽቶ ጋር በሻንጣው ይዞት መጣ። ጫማው ለአንድ ሰው ሆነ፤ መጽሔቱ ግን ሰባት ሰው እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል።

ለማያውቁት አንባብያን ስለዚህ ዐይነቱ መጽሔት ጥቂት መናገር ይገባናል። በአሜሪካ ጭምብል ያጠለቁ ጀግኖችን ታሪክ በሥዕል እያሳተሙ መሸጥ የቆየ ንግድ ነው። ነጋዴዎቹም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጀግኖችን በአንድ መጽሔት ማገናኘት እንደሚያተርፍ የተረዱት ገና ከመጀመሪያው ነው፤ በ1940 መጨረሻ «ኦል ስታር ኮሚክስ» ቁጥር 3 ላይ የጀግኖች ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1960 ደግሞ የዚያ ማኅበር ልጅ የሆነውን «የፍትሕ ሊግ» አወጡ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የአንደኛውም ጀግና ወዳጅ የሁለተኛውም ወዳጅ ያንኑ አንድ መጽሔት ይገዛል። ታሪኩም ብዙውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነበር፤ ሁለቱ ጀግኖች በአንድ አለመግባባት ይጋጫሉ፤ ጥቂት ገጽ ይደባደባሉ፤ ከዚያም የጋራ ጠላት መኖሩን ተረድተው እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፤ ጠላቱም ይሸነፋል። ደብዳቤ የጻፈልን ወንድማችን የሚነቅፈው ይህን ከሆነ እኛም አንከራከረውም። ከዚህ ዐይነቱ ሁለት መቶ ገጽ አንብበን ከአንዱም የምናስታውሰው የለም።

ቁጥር 76 ግን የተወለደው ከችግር ነው። የመጽሔቱ ሽያጭ እየወደቀ ሄዶ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። አዘጋጁ ጁሊየስ ሽዋርትዝ፣ ሊሞት የደረሰ በሽተኛ ማንኛውም መድኃኒት ቢሞከርበት አይጎዳም ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ሥራውን ለሁለት ወጣቶች ሰጠ። ደራሲው ዴኒስ ኦኒል ቀድሞ ጋዜጠኛ የነበረ ሰው ነው፤ ሠዓሊው ኒል አዳምስ ይባላል። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ኦኒል በ2020፣ አዳምስ በ2022 ዐርፈዋል። ኦኒል ያደረገው ነገር፣ ጋዜጣ የሚያወራውን ነገር ጀግኖቹ ወዳሉበት ሠፈር ማምጣት ነበር።

የተገናኙትን ሁለቱን ሰዎች እንዲህ እናስተዋውቃችሁ። አንደኛው ሀል ጆርዳን የሚባል የአውሮፕላን ሙከራ አብራሪ ነው። «ኦአ» ከምትባለው፣ በጠፈር መካከል ካለችው ዓለም የሚገዙ ቁመታቸው አጭር፣ ቆዳቸው ሰማያዊ የሆነ ሽማግሌዎች ጠባቂ አድርገው ሾመውታል። ያሰቡትን ሁሉ በአረንጓዴ ብርሃን የሚሠራ ቀለበት በጣቱ አጥልቋል፤ ቀለበቱም ኃይሉን የሚሞላው ከአንድ ፋኖስ ነው። በዚያ ዘመን ቀለበቱ የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቢጫ ቀለም። እሱን እኛ ባለፋኖሱ እንለዋለን። ሁለተኛው ኦሊቨር ክዊን፣ «ግሪን አሮው» የተባለው ነው፤ ባለቀስቱ እንበለው። ተአምር የለውም፤ ያለው ቀስትና ፍላጻ ነው። ከ1941 ጀምሮ ሲታተም የኖረ ባለጠጋ ነበር፤ ኦኒል በ1969 ሀብቱን በሙሉ አስወሰደበት። ጢሙን አዳምስ ያበቀለለትም በዚያው ዓመት ነው። (አንዱ ባልደረባችን፣ ሀብት ሲያልቅ ጢም ማሳደግ ለካ በሁሉም አገር ያለ ልማድ ነው ብሎ አስቆናል።)

የታሪኩ ርእስ «ከዓይኔ የሚያመልጥ ክፋት የለም» ማለት ነው። ባለፋኖሱ ቀለበቱን በሞላ ቁጥር የሚደግመው መሐላ ውስጥ ያለ ቃል ነው። ይህን አስታውሳችሁ ተከተሉን።

ባለፋኖሱ ስታር ሲቲ በምትባል ከተማ ላይ ሲበር አንድ ጎረምሳ አንድ ሱፍ የለበሰ ወፍራም ሰው መንገድ ላይ ሲያንገላታ ያያል። ወዲያው ወርዶ ጎረምሳውን በአረንጓዴ ብርሃን ጠቅልሎ ወደ ፖሊስ ይልከዋል። ምስጋና ሲጠብቅ ሕዝቡ ቆርቆሮና ቆሻሻ ይወረውርበታል። እሱም ተቆጥቶ አጸፋውን ሊመልስ ሲል ባለቀስቱ ብቅ ይልና ያስቆመዋል፤ ከዚያም ይዞት ወደ አንድ ያረጀ ፎቅ ያስገባዋል። ደረጃው የተሰበረ፣ ግድግዳው የተላላጠ፣ ድኾች ተፋፍገው የሚኖሩበት ቤት ነው። ያ ሱፍ የለበሰው ሰው ጁባል ስሌድ የሚባል የቤቱ ጌታ ኖሯል። ተከራዮቹን አስወጥቶ ቤቱን አፍርሶ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው። ባለፋኖሱ ለዚህ ሁሉ ያለው መልስ፣ እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት የሚል ነው።

በዚህ ጊዜ ከተከራዮቹ መካከል አንድ ጥቁር ሽማግሌ ቀርበው ይጠይቁታል። አዳምስ የሣላቸውን ፊት ዐይታችሁ አትረሱትም፤ ልብሳቸው ያረጀ፣ ዓይናቸው ግን ከሰው ፊት የማይሸሽ ሽማግሌ ናቸው። የሚሉትን በራሳችን ቃል እናቅርበው። ስላንተ አንብቤአለሁ፤ ሰማያዊ ቆዳ ላላቸው እንደምትሠራ፣ በሌላ ዓለም ብርቱካናማ ቆዳ ያላቸውን እንደረዳህ፣ ለሐምራዊዎቹም ብዙ እንዳደረግህ ዐውቃለሁ፤ አንድ ቆዳ ብቻ ቀርቶሃል፤ ጥቁሩን። ስለ ምን እንደሆነ ንገረኝ ይሉታል። ባለፋኖሱ አንገቱን ደፍቶ መልስ እንደሌለው ይናገራል። ንግግሩ ከአንድ ገጽ አያልፍም፤ ከዚያ ገጽ በፊት በዚያ አገር መጽሔት ላይ አንድ ድኻ ሰው አንድን ባለ ተአምር ጀግና እንዲህ አድርጎ አንገት ሲያስደፋ ያየን አይመስለንም።

ገጹን ስናነብ ክፍላችን ጸጥ አለ። ከዚያም ያ ጸጥታ ሁለት ሰዓት ወደ ፈጀ ጭቅጭቅ ተለወጠ።

ከክበባችን አንዱ አባል፣ እሱም የሕግ ተማሪ ነው፣ ለባለፋኖሱ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ሽማግሌው ያሳዝናሉ፤ ነገር ግን ስሌድ ምን ሕግ ጣሰ? ቤቱ የሱ ነው። ሊያፈርሰው መብት አለው። ጎረምሳው ግን ሰውን መንገድ ላይ ገፍትሯል፤ ያ ወንጀል ነው። ጠባቂ ማለት ሕግን የሚጠብቅ እንጂ ያዘነለትን የሚጠብቅ አይደለም፤ ዛሬ ለድኻ አዝኖ ሕግ የሚጥስ ባለ ቀለበት ነገ ለሌላ አዝኖ ይጥሳል፤ ያን ጊዜ ማን ያስቆመዋል? አለን። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ይህ የሞኝ ክርክር አይደለም። እኛ ስድስታችን ተባብረን ልንመልስለት ሞክረን አንደኛው ጮኸ፣ ሁለተኛው ተሳደበ፣ ሦስተኛው ሻይ ሊያፈላ ወጣ።

በማግሥቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደን የዚያን ዘመን ነገር አነበብን። በአሜሪካ በ1949 የወጣው የቤቶች ሕግ የከተማ ማደስ ለሚሉት ሥራ መንግሥት ገንዘብ እንዲሰጥ ፈቀደ። በ1956 ደግሞ የታላላቅ መንገዶች ሥራ ሕግ ወጣ። በሁለቱም ምክንያት በየከተማው ብዙ የጥቁሮች ሠፈር ፈርሷል። ደራሲው ጄምስ ባልድዊን በ1963 በቴሌቪዥን ሲጠየቅ፣ ከተማ ማደስ የሚሉት ነገር ትርጉሙ ጥቁሮችን ማንሣት ነው ብሎ ተናግሯል። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ላይ የተገደሉት ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ነው፤ በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 11፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ቤት ሲከራይና ሲሸጥ በዘር መለየትን የሚከለክለውን ሕግ ፈረሙ። መልካም ሕግ ነው። ዳሩ ግን ያ ሕግ ስሌድን አይነካውም፤ ስሌድ አላከራይም አላለምና። ያለው፣ ሁላችሁም ውጡ ነው። እንግዲህ የሕግ ተማሪው ባልደረባችን እውነቱን ነበር፤ ሕጉን ብንፈትሽም ለሽማግሌው የሚሆን አንቀጽ አላገኘንም። ይኸው ነው እኛን የሚያስደነግጠን። ሽማግሌው የጠየቁት ባለፋኖሱ ሕግ ጥሶ እንደሆነ አይደለም። ሕግ ሳይጥስ፣ ሥራውን በትክክል እየሠራ፣ ይህን ሁሉ ዘመን እሳቸውን ሳያይ እንዴት እንደኖረ ነው። ለዚህ ጥያቄ «ሕጉ አይፈቅድልኝም» መልስ አይሆንም። ሐምራዊዎቹን ሊረዳ ሲሄድ ማን አንቀጽ ጠቀሰበት?

አሁን መጽሔቱን የምንወቅስበት ቦታ ደረስን። ወዳጆቹ ነን ብለን ዝም አንልም።

ባለፋኖሱ ከሽማግሌው ጥያቄ በኋላ ስሌድን በልመና ሊያሳምነው ይሄዳል። ስሌድ ሎሌዎቹን ያስነሣበታል፤ ጠብ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰማያዊዎቹ ጌቶች ከኦአ ሆነው ይገሥጹታል፤ ሕግ ባልጣሰ ሰው ላይ እጅህን አነሣህ ብለው ወደ ሩቅ ሰማይ ለሌላ ተልእኮ ይልኩታል። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ወደር የለውም። ከዚያ በኋላ ግን ደራሲው ፈራ። ስሌድ ባለቀስቱን ሊያስገድል ነፍሰ ገዳይ ይልካል፤ ባለፋኖሱ የጌቶቹን ትእዛዝ ጥሶ ተመልሶ ከስሌድ ሰዎች አንዱን መስሎ ይቀርበዋል፤ ስሌድም ዐቃቤ ሕጉ እየሰማ በገዛ አፉ ይናዘዛል፤ ይያዛልም። እልል በሉ ነው ነገሩ። ነገር ግን ስሌድ የተያዘው በምን ወንጀል ነው? ሰው ሊያስገድል በመሞከር። ተከራዮቹን በማስወጣቱ አይደለም! ስሌድ ትንሽ ትዕግሥት ቢኖረውና ነፍሰ ገዳይ ባይልክ ኖሮ ባለፋኖሱ ምን ያደርገው ነበር? ሽማግሌው ዛሬ የት በተኙ ነበር? መጽሔቱ ከባዱን ጥያቄ ጠይቆ ለቀላሉ ጥያቄ መልስ ሰጠ። ፈተና ላይ ይህን ብናደርግ አስተማሪዎቻችን ምን ነጥብ እንደሚሰጡን ሁላችን እናውቀዋለን።

ይህ ፍርሃት ግን የኦኒል ብቻ አይመስለንም። በ1954፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርታም የሥዕል መጽሔት ልጆችን ያበላሻል የሚል መጽሐፍ ባሳተመበትና የአሜሪካ ሴኔት ንኡስ ኮሚቴ ነገሩን በመረመረበት ዓመት፣ አሳታሚዎቹ መንግሥት ሳይቀድማቸው ራሳቸው የሳንሱር ደንብ አወጡ። ደንቡ ከሚያዛቸው ነገሮች መካከል ፖሊስ፣ ዳኛና የመንግሥት ሹም ሥልጣንን በሚያስንቅ አኳኋን እንዳይቀርቡ፣ መልካሙ ሁልጊዜ እንዲያሸንፍና ወንጀለኛው እንዲቀጣ የሚሉ አሉበት። ያ ደንብ መሻሻል የጀመረው በ1971 ነው፤ ቁጥር 76 የወጣው ከዚያ በፊት ነው። እንግዲህ አስቡት። ሰውየው መቀጣት አለበት፤ ለመቀጣት ወንጀለኛ መሆን አለበት፤ ወንጀለኛ እንዲሆን ደግሞ ሽጉጥ የያዘ ሰው ማሰማራት አለበት። ሕግ ሳይጥስ ሰው የሚበድል ባለጠጋ በዚያ ደንብ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ደንቡ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩንም የሚያውቅ አይመስልም። ሳንሱር ሁልጊዜ ቃል በመሰረዝ ብቻ እንደሚሠራ ለምናስብ ሰዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ አንዳንዴ ቃሉን ሳይነካ መጨረሻውን ይጽፍልሃል።

ሁለተኛው ወቀሳችን ስለ መኪናዪቱ ነው። በታሪኩ መዝጊያ ባለቀስቱ ለሰማያዊዎቹ ጌቶች ረዥም ንግግር ያደርጋል። ሜምፊስ ላይ የወደቀውን ጥቁር፣ ሎስ አንጀለስ ላይ የወደቀውን ነጭ ያነሣል (ኪንግንና ሮበርት ኬኔዲን ማለቱ ነው)፤ አገሩ እንደታመመች ይነግራቸዋል። ንግግሩ ከፍ ያለ ነው፤ ምንም እንኳ አምና ድረስ ባለጠጋ የነበረ ሰው ዘንድሮ ስለ ድኽነት ለወዳጁ እንዲህ ሲጮህበት ትንሽ ፈገግ ቢያሰኘንም። ከዚያ በኋላ እውነተኛዋን አሜሪካን እንፈልጋለን ብለው በአንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ይነሣሉ። መንገደኞቹ ሦስት ናቸው። ባለፋኖሱ አለ፤ ባለቀስቱ አለ። ሦስተኛውስ ማን ይመስላችኋል? ከሰማያዊዎቹ ጌቶች አንዱ! ክብሩን ትቶ የሰውን ኑሮ ሊያይ የወረደ ነው። ሽማግሌው የሉም። ጥያቄውን የጠየቁት፣ ጉዞውን ያስነሡት፣ አገሪቱን ከሦስቱም ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ስማቸውን እንኳ የነገረን የለም። ከመኪናዪቱ ላይ ቦታ የተገኘው ዳግመኛ ለሰማያዊው ቆዳ ነው፤ ደራሲውም ሠዓሊውም ይህን ያስተዋሉ አይመስለንም። እኛም በመጀመሪያው ንባብ አላስተዋልነውም፤ በሦስተኛው ቅዳሜ አንዲት እኅታችን ናት ጣቷን በመኪናዪቱ ላይ አድርጋ ያሳየችን።

ስለዚህ መጽሔቱ አልተሳካም ማለታችን ነውን? አይደለም። በገንዘብ በኩል አልተሳካም፤ ይህ ግልጽ ነው። ጋዜጦች ቢጽፉለትም ሽያጩ አልተነሣም፤ በ1972 በቁጥር 89 ተዘጋ። ዳሩ ግን የሽማግሌው ጥያቄ በሠሪዎቹ ላይ ሥራውን ሳይሠራ አልቀረም። በ1971 መጨረሻ በወጣው ቁጥር 87 ላይ ኦኒልና አዳምስ ጆን ስቱዋርት የሚባል ጥቁር ሰው ቀለበቱን እንዲያጠልቅ አደረጉ። የሥዕል ፊልም አይተን ያደግን ሰዎች ይህን ስም እናውቀዋለን፤ ከ2001 ጀምሮ በቀረበው «የፍትሕ ሊግ» ፊልም ላይ ባለፋኖሱ እሱ ነበር። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ባለፋኖስ ማለት ከመጀመሪያውም ጥቁር ሰው ይመስለን ነበር፤ ነጩን ሀል ጆርዳንን ዐይተን ይሄ ደግሞ ማን ነው ያልን አለን። የጆን ስቱዋርት የዕለት ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁን? የሕንፃ ንድፍ አውጪ ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ይሁን ታስቦበት አንከራከርም፤ ለሽማግሌው ግን ከንግግሩ ሁሉ የተሻለ መልስ ይመስለናል።

ሠዓሊው አዳምስም ነገሩን በወረቀት ላይ ብቻ አልተወውም። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር መብታቸውን በ130 ዶላር ሸጠው በስተርጅና ተቸግረው በነበረ ጊዜ፣ ከጎናቸው ቆመው ከተከራከሩት መካከል አዳምስ ዋነኛው ነበር። በ1975 መጨረሻ ኩባንያው በየዓመቱ ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ጡረታ ሊሰጣቸውና ስማቸውን በሥራቸው ላይ ሊመልስ ተስማማ። ልብ በሉ፤ በዚህም ጊዜ ሕጉ ከኩባንያው ጋር ነበር። ውሉ የተፈረመ ነው፤ ፍርድ ቤትም ለኩባንያው ፈርዶ ነበር። አዳምስ የሄደው ወደ ጋዜጦችና ወደ ሕዝብ ነው። የሕግ ተማሪው ባልደረባችን ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ፤ ኋላም «እንግዲያው አንቀጽ ያላገኘ ሰው ወዴት እንደሚሄድ መማር ይኖርብናል» አለ። እኛም ንግግሩን በቃለ ጉባኤያችን ላይ ጻፍነው።

አሁን ደግሞ ልንጽፈው የማንወደውን እንጻፍ። ይህን ታሪክ ያነበብን ዕለት ከመካከላችን አንዱ በማግሥቱ ጧት ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ የምንኖርበትን ፎቅ የምታጠዳ እናት ባልዲዋን ይዛ ደረጃ ላይ ታገኘዋለች። ሁልጊዜ እንደሚለው «እንደምን አደሩ እማማ» ብሎ አለፈ። ወደ ክፍሉ ተመልሶ፣ የእሳቸውን ስም የሚያውቅ አለን? ብሎ ጠየቀን። ስድስታችንም ተያየን። ሁለት ዓመት ሙሉ የተራመድንበትን ወለል ያጸዱልን፣ ታመን ስንተኛ ሻይ ይዘውልን የገቡ እናት ናቸው። በዚያው ወር በሩቅ አገር ጎርፍ ለተጎዱ ሰዎች የእርዳታ ሣጥን አዙረን፣ የዚያን አገር ከተሞች ስም በትክክል ለመጻፍ መዝገበ ቃላት ገልጠናል። ብርቱካናማዎቹንና ሐምራዊዎቹን ረድተናል ማለት ነው።

ተሰብስበን ሄደን ስማቸውን ጠየቅናቸው። መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው አንድ በአንድ አዩንና፣ «ምነው ልጆቼ፤ ዛሬ ምን ተገኘና ነው ስሜን የምትጠይቁኝ?» አሉን። ከሰባት ተማሪ አንድ እንኳ የሚናገር ጠፋ። ባለፋኖሱ ለምን አንገቱን እንደደፋ ያን ጊዜ ገባን፤ ከፊታችን የቆሙት ግን የተሣሉ ሽማግሌ አልነበሩም፤ ሥራ ያለባቸው ሰው ናቸው፤ መልሳችንን ጥቂት ጠብቀው ባልዲያቸውን አንሥተው ሄዱ። ስማቸውን ኋላ ነግረውናል። በመጽሔት ላይ እንዳታወጡት ስላሉን አናወጣውም።

ከዚያ በኋላ ያየነውንም እንናገር። ሠራተኞቹ ልብስ የሚለውጡበት ክፍል ባለፈው ክረምት ለዕቃ ማከማቻ ተብሎ ተወስዷል። እማማና ጓደኞቻቸው ከዚያ ወዲህ ልብሳቸውን የሚለውጡት ከደረጃው ሥር፣ አንዷ ነጠላዋን ዘርግታ ሌሎቹን እየከለለች ነው። የሚመለከተውን ክፍል ስንጠይቅ ውሳኔው ደንቡን ተከትሎ የተሰጠ መሆኑን በትሕትና ገለጹልን፤ ደንቡንም አሳዩን፤ እውነትም ደንቡ ያንኑ ይላል። ጥያቄያችንን በጽሑፍ አቅርበን መልስ እንጠብቃለን።

ደብዳቤ ለጻፍክልን ወንድማችን፤ አንቀጽ የመፈለግ ችሎታህን አይተናልና ደንቡን ከኛ ጋር ብታነበው ደስ ይለናል። ክበባችን በሚመጣው ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በዚያው ክፍል ይሰበሰባል። የሚነበበው ቁጥር 87 ነው። ጥራዙ አንድ ብቻ ስለሆነ ተራ መጠበቅ ግድ ነው፤ ብርጭቆ ግን እያንዳንዱ ይዞ ይምጣ፤ ባለፈው ጊዜ በሦስት ብርጭቆ ዐሥራ አንድ ሰው ጠጥቷል።